አውሮፕላን ለማምጣት ደብረ ብርሃን የሄድኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው መጻፍ ወድጄ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። እጄም ከእርፍ የቀጠነ ነገር መያዝ አይወድም። ነገር ግን እስከ ፋሲካ ድረስ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አፌን መክፈት አልችልም። እናንተ የላይ ጨፌ ሰዎች አብዛኞቻችሁ ደብረ ብርሃንን የምታውቋት በብርድ ልብሷ ብቻ ስለሆነ፣ ያየሁትን ቀን በቀን በተራ አስቀምጬዋለሁ። ጸሐፊያችን ሲያነብላችሁ አታቋርጡት። እኔን ታቋርጡኝ ነበር።

ነገሩን የማያውቅ ቢኖር፣ መነሻው ሬዲዮ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሞላ፣ አውሮፕላን በዛ፣ መሬቱ ጠበበ ተብሎ ተወራ። ቀጥሎ ከቀበሌ መልእክት መጣ። ለትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ቦታ የሚያጠኑ ሰዎች ደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ሜዳ ያለው ሰፈር አንድ አንድ ሰው ይላክ አለ። ላይ ጨፌ ሜዳ አለው። ከወንዙ ማዶ ያለው ታች ጨፌም ሜዳ አለኝ ይላል።

ታች ጨፌ አያ ጓንጉልን ወከለ። አያ ጓንጉል አማቼ ነው፤ ልጄን ለልጁ ድሬያለሁ። ከዚያ ሠርግ በቀር በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። ላይ ጨፌ እኔን ወከለ። እኔም ከኮሶው ዛፍ ስር ተነስቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አውሮፕላኑን ሳላመጣ ብመለስ፣ እስከ ፋሲካ በዚህ ስብሰባ አፌን ብከፍት ሽፈራው አይደለሁም» ብዬ ማልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ያን ጊዜ ያጨበጨባችሁት ለድፍረቴ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ የሺ በሶና ቆሎ ስትቋጥርልኝ፣ ቢመጣም ደስ ይላል፣ ባይመጣም ደስ ይላል፣ ዘንድሮ እግዜር ለላይ ጨፌ በሁለቱም በኩል ሰጠው አለች። ነገሩ የገባኝ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ጎረቤላ ስደርስ ነው።

ማክሰኞ

ሜዳውን የለካሁት ልነሳ ስል፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ በመጫኛ ነው። ይህን ከተሜ ቢያነበው፣ መጫኛ ማለት በበቅሎና በአህያ ላይ ጭነት የምናስርበት የጥሬ ቆዳ ገመድ ነው። የኔም የጓንጉልም መጫኛ ከአንድ በሬ የወጣ ነው። አምና ለገና ቅርጫ ገብተን ያረድነው በሬ ቆዳው ለሁለታችን ደረሰና ዘርግተን እኩል ለእኩል ቆረጥነው። ላይ ጨፌ ከኮሶው እስከ ወንዙ ስልሳ ሦስት መጫኛ ሆነ። መጫኛውን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ወረድኩ።

ጓንጉል ወንዙ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እሱም መጫኛውን በጋቢው ጠቅልሎ ይዟል። ትናንት በቀትር ለካሁ አለ። ስንት ሆነ አልኩት። ሰባ አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ጎረቤላ አልተነጋገርንም። እሱ በመንገዱ ቀኝ፣ እኔ በመንገዱ ግራ ሄድን።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፣ መጫኛውን ጣራ ላይ ልጫነው አለኝ። እምቢ አልኩ፤ የሰፈር መለኪያ ጣራ ላይ አይወጣም። ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ጤዛ ጠጥቶ ስለነበር ሙቀት ሲያገኘው መሽተት ጀመረ። ከጎኔ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገችና፣ «አባባ፣ በሬው አብሮን ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ጓንጉል ከኋላ ወንበር ሆኖ ግማሹ እኔ ጋ ነው አላት። በመንገድ ሁሉ የተናገረው እሱን ብቻ ነው።

መንገዱ በበቅሎ ቢሆን ቀኑን ይፈጃል፤ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ነገር ግን በቅሎ ጉድጓድ ስታይ ትዞራለች። ሚኒባስ ጉድጓድ ሲያይ ይፈጥናል። ጭላዳዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኛ ስንነጥር ያዩናል፤ አንዱ እንዲያውም ጥርሱን አሳየን።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ባጃጅ ያዝን። በኛ አገር ሦስት እግር ያለው ነገር በርጩማ ብቻ ነው፤ እሱም አይሮጥም። የመጫኛዬ ጫፍ ከባጃጁ ወጥቶ ሲጎተት አላወቅኩም። አንድ ውሻ ጫፉን ነክሶ ይዞ አብሮን ሮጠ። መንገደኛ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ለከተማው እንግዳ ስለሆንኩ የሚስቁት ሰላምታ መስሎኝ እጄን እያነሳሁ እጅ እነሳለሁ። ውሻው የለቀቀን መጫኛው ኩሬ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው።

ያረፍነው አለሚቱ ቤት ነው። አለሚቱ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እግራችንን በሙቅ ውሃ አጥባ፣ ያላትን ሁሉ አቀረበች። ያላት ማካሮኒ ነው። ማካሮኒ ውስጡ ባዶ የሆነ ምግብ ነው፤ ከዚህ ጫፍ ብታዩት በዚያ ጫፍ ሰማይ ይታያል። በኛ አገር ለእንግዳ ቀዳዳ ያለው ነገር አይቀርብም። ሦስት ሳህን በላሁ፤ ቀዳዳውን ሲቀንሱት አንድ ሳህን ይሆናል።

የእንግዳ አልጋው አንድ ነው፤ ብርድ ልብሱም አንድ። ከአማቼ ጋር እንዴት እንዳደርን አልጽፍም። ጠዋት ብርድ ልብሱ በመካከሉ ተተርትሮ ተገኘ። አለሚቱ ፋብሪካ የምትሠራበትን መርፌ አምጥታ ሰፋችው።

ረቡዕ

ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ሐሙስ ስለሆነ ቀኑ የኛ ነበር። ከቁርስ በፊት ጓንጉል መጫኛህን አምጣ አለኝ። ግቢው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። የኔ በሁለት ክንድ በለጠ።

አንድ በሬ፣ እኩል የቆረጥነው። ጓንጉል አንተ ጎትተኸዋል አለኝ። አንተ ቆርጠኸዋል አልኩት። ለካ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ቀና ብዬ ስቀመጥ እሱ በጋቢው ስር በጥርሱ ይቆርጥ ነበር ብዬ አሰብኩ። የሚቆርጥበት ጥርስ እንደሌለው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ድምፃችን ከፍ ስላለ የአለሚቱ ጎረቤት ብቅ አለ።

ጎረቤቱ ምናሉ ይባላል። ከምዕራብ ወገን ከእርሻው ተፈናቅሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ አሁን በቀን ሥራ ያድራል። ጠቡ ምንድነው አለ። የሁለት ሜዳ ርዝመት ነው አልነው። አለሚቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ነገሩን ሰማችና ስቃ፣ ጋሼ፣ እስኪ የጋሽ ጓንጉልን በርሜል ውስጥ ንከሩት አለች። በርሜሉ የምናሉ ነው። ነከርነው። የኔን ፀሐይ ላይ ተውነው።

ቀትር ላይ አውጥተን ስንዘረጋ የጓንጉል በሁለት ክንድ በለጠ።

 ጠፍር ሲርስ እንደሚለጠጥ፣ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ በጨፌ የማያውቅ ሰው የለም። ጭነት ስናስር አርጥበን የምናስረው ሲደርቅ እንዲጠብቅ ብለን ነው። ለአህያ ያወቅነውን ለአውሮፕላን ረሳነው። እኔ በጤዛ ስለለካሁ ሜዳዬ አጠረ፤ እሱ በቀትር ስለለካ ሜዳው ረዘመ። ስልሳ ሦስትም ውሸት ነው፣ ሰባም ውሸት ነው።

የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። መጫኛ በደረቀ ቁጥር ሜዳ እንደሚረዝም ሁለታችንም ገባን። ሳንነጋገር፣ የረቡዕን ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፈን መጫኛችንን ፀሐይ ላይ እያገላበጥን ዋልን፤ ቋንጣ እንደሚያደርቅ ሰው። ጓንጉል ፀሐዩ አልበቃው ብሎ የሱን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠጋው፤ እንደ አውራ በግ ቀንድ ተጠቅልሎ ቀረ።

ምናሉ በርሜሉን እያጠበ ያየናል። ሜዳው ስንት ከብት ያግጣል አለን። የሁለቱን ሰፈር ሁሉ፣ ጥቢ ከገባ እስከ ግንቦት አልኩት። በርሜሉን ገልብጦ አቆመና፣ «እኔም ሜዳ ነበረኝ። አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም» አለ። ከዚያ ገባ። በዚያን ሰዓት ምን ሊል እንደፈለገ አልጠየቅኩትም፤ መጫኛዬን የማገላብጥበት ሰዓት ነበር።

ሐሙስ

አዳራሹ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ይሰፋል፤ የሚቀመጥበት ወንበር ግን ከኛ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከየወረዳው የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ሜዳውን ሲያወድስ አረፈደ። አንዱ ሜዳዬ እንደ ምጣድ ነው ይላል፣ ሌላው እንደ መስተዋት ነው ይላል። ልጅ የሚድሩ ነው የሚመስሉት።

የምትሰማን መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት፤ ካፖርት ደርባ ብርዱ ያንቀጠቅጣታል። ነገሩን ለኛ በሚገባን መንገድ ነው ያስረዳችን፣ አልዋሽም። የአዲስ አበባው ማረፊያ እንደ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ነው አለች። አንድ ቁና ይዞ የመጣውም ሁለት ኩንታል የጫነውም አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ሩቅ አገር የሚሄደው ትልቁ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተራ እየጠበቀ ይዞራል። በዚህ መካከል በባሕር ጠረፍ ያሉት አገሮች ሰፊ ማረፊያ ሠርተው መንገደኛውን ይወስዱታል። መንገደኛ እንደ ገበያተኛ ነው፤ ቶሎ ወደሚፈጭለት ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ቁናዎቹን፣ ትንንሾቹን፣ ወደ ሌላ ሜዳ ብናወጣቸው ለባለ ኩንታሎቹ ቦታ ይለቀቃል አለች።

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ሦስት ቀን ያሰብኩትን ተናገርኩ። አውሮፕላን የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው አይደለም ወይ? ላይ ጨፌ ደግሞ አፋፍ ላይ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ሰው ሁሉ ይልቅ ለሰማይ ቅርብ የሆንን እኛ ነን። ግማሹን መንገድ እኛ ወጥተንለታል፤ የቀረውን ብቻ እሱ ይውጣ አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በቅሎ አለዎት ወይ አለችኝ። አለኝ። ከቆላ ጭነዋት ሲወጡ አፋፉ ጋ ስትደርስ ምን ትሆናለች? ታለከልካለች አልኩ። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው አለች። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉን የሚደግፈው አየር ስለሆነ፣ ሲሳሳ ብዙ ይሮጣል፣ ጭነትም ያስቀንሳል። ከባሕር ጠረፍ የሚነሳው ሙሉ ጭኖ ብድግ ሲል የኛ ከፊሉን ጥሎ ነው የሚነሳው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ በቅሎዬ ተናግራ አታውቅም እንጂ ይህንኑ ነው የምትለኝ። ጓንጉል ዕድል ያገኘ መስሎት ዘሎ ተነሳና ታች ጨፌ ዝቅ ይላል አለ። በምን ያህል ብትለው፣ በአንድ ወንዝ አላት።

ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋችና ጠራችን። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው። ሁለቱም ጨፌ አለ፤ ኮሶው እንደ ዝንብ ጠብ ብሏል። ከፍታ ስለሆነ ትንሹም አውሮፕላን ቢሆን ረጅም መሮጫ ያስፈልገዋል፤ የሁለታችሁም ሜዳ ለየብቻ አይበቃም፣ አንድ ላይ ግን ይሆን ይሆናል አለችና ማስመሪያዋን አጋደመችው። ማስመሪያው ከኮሶው ተነሳ። ወንዙን ተሻገረ። የጓንጉል አውድማ ላይ ቆመ። ወንዙ በቱቦ ይገባል፣ ኮሶው ይቆረጣል፣ ዙሪያው ይታጠራል አለች። ከብቱስ አልኩ። ከብት አይገባም። ልቅሶ የምንቀመጥበትስ? የጥምቀት ፈረስ ጉግሳችንስ? ሰው አይገባም፤ እናንተን የጠራናችሁ ይህን ልንጠይቃችሁ ነው አለች።

እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያሰብኩት አውሮፕላኑ በላሞቹ መካከል መጥቶ እንደሚያርፍና ተመልሶ እንደሚሄድ ነበር። እንደ ሽመላ።

ቀጥላ፣ «ረግረግ ያልሆነው ደረቁ ሜዳ ርዝመቱ ስንት ይሆናል?» ብላ ብዕሯን አነሳች።

ሦስት ቀን ይህን ጥያቄ ስንጠብቅ ነበር። ሁለታችንም መጫኛችን ትከሻችን ላይ ነው፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ጓንጉልን አየሁት። ጓንጉል አየኝ። ልጄን ለልጁ ከሰጠሁ ወዲህ እንዲህ ተያይተን አናውቅም።

ሃምሳ መጫኛ አልኩ።

የኔ አርባ አይሞላም አለ ጓንጉል።

እኔም ሃምሳ ያልኩት ኮረብታውን ጨምሬ ነው አልኩ። ምን ኮረብታ አለች። ፎቶው ላይ የማይታይ ነው፣ ነገር ግን ላሞች ይደነቀፉበታል አልኩ። ጓንጉል የታች ጨፌ ረግረግ ባለፈው ክረምት አንድ ወይፈን ከነቃጭሉ ዋጠ አለ። እኔም ቃጭሉ እስከ ዛሬ ሲደወል ይሰማል አልኩ። ትናንት ግማሽ ክንድ ለመጨመር ጠፍር ሲጠብሱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሜዳቸውን እዚያው ቆመው ጓሮ አሳከሉት። ከኋላችን ያሉት ተወካዮች ጆሮአቸውን ማመን አቃታቸው፤ እንደ ምጣድ ነው ያለው ሰውዬ እንኳ ሜዳዬ ጠርዙ ተሰብሯል ማለት ጀመረ።

መሐንዲሷ ብዕሯን አስቀመጠች። ፎቶው ርዝመቱን ይነግረኛል፣ የኔ ዝርዝር ላይ ሦስት ቦታ አለ፣ የናንተ አንዱ ነው፤ ሕዝቡ ከፈቀደ በሚመጣው ሳምንት ችካል እንተክላለን፣ ካልፈቀደ እሰርዘዋለሁ፣ እንግዲህ ቃላችሁን ስጡኝ አለች። ጓንጉል አንገቱን ደፋ። ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አያ ሽፈራው፣ ምለሃል እኮ» አለኝ።

እንደማልኩማ አውቃለሁ። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ስንት ስብሰባ እንዳለ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጣት አልበቃኝም። የመንገዱ ጉዳይ አለ፣ የወፍጮው ጉዳይ አለ፣ የዕድሩ ድስት ጉዳይ አለ፤ በሁሉም ላይ የምለው ነበረኝ። ምናሉ በርሜሉን እያጠበ ያለውም ትዝ አለኝ።

«ሰርዢው ልጄ» አልኳት።

ሰረዘችው። ለስረዛ አንድ መስመር ብቻ በቃት።

አርብ

አለሚቱ ስንነሳ ለየሺ ብላ ከፋብሪካ የተረፈ የብርድ ልብስ ቁራጭ ሰጠችኝ፤ ለጓንጉልም ሌላ ቁራጭ። ሁለቱ ቢሰፉ አንድ ይሆናሉ፣ ከእንግዲህ ግን አብረን አናድርም። ምናሉ በሶ በጥብጦ አጠጣንና ሜዳውስ ብሎ ጠየቀን። አለ አልነው። እግዜር ይመስገን ብሎ መጥረጊያውን አነሳ።

መንገድ ላይ ጉም ወረደ። ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ገመድ ያለው አለ ወይ ሲል ጓንጉልና እኔ እኩል ተነሳን። ሁለቱን መጫኛ ቋጠርናቸው፤ በሬው ከአምና ገና ወዲህ አንድ የሆነው ያን ቀን ነው። አስረን ሳብን። እኛ ወደፊት ሄድን። ሃያ እርምጃ ሄድን። ተሳካ ብለን ዘወር ስንል ሚኒባሱ እዚያው ነው። ጉሙ ጠፍሩን አርሶት ኖሮ እየተለጠጠ ነው የምንሄደው። ያቺ ማክሰኞ አፍንጫዋን የሸፈነች ሴት እንደገና አብራን ነበረች፤ አባባ፣ በሬው ደከመ፣ ይልቅ ግፉ አለችን። ገፋን። ወጣ።

እሑድ

ከኮሶው ስር ስትሰበሰቡ እኔ መጥቼ ተቀመጥኩ፤ ያያችሁት ነው። የዕድሩ ዳኛ አውሮፕላኑስ አለ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ሁላችሁም ነገሩ ገባችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ፈገግ ብላችኋል፣ ስማችሁን አውቃለሁ። ሌላ አብሮ የሄደ ሰው ይመስክር ተባለና ጓንጉል ከታች ጨፌ ተጠራ።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። «ሰርዢው» ያልኩ እኔ ነኝ አለ። ሽፈራው አውሮፕላኑን እስከ መጨረሻው ካልሰጣችሁኝ ብሎ ሲያለቅስ እኔ ሜዳውን አዳንኩ አለ። ውሻው የነከሰው የኔን መጫኛ ነው አለ፤ ያ እንኳ የራሴ ነበር። አጨበጨባችሁለት። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ተቀመጥኩ። የሺን ባያት ዝም አይነቅዝም አለችኝ።

ነገር ግን እሷም ሳታስበው የቀረ ነገር አለ። የማልኩት ለስብሰባ ነው፤ ለቤት አልማልኩም። ለናንተ ልናገር የነበረውን ሁሉ ተሸክሜ ወደ ቤት ገባሁና፣ ስለ መንገዱም ስለ ወፍጮውም ስለ ጓንጉልም ለሷ ነገርኳት። ሦስት ቀን ቻለችኝ። በአራተኛው ቀን የልጅ ልጃችንን ደብተርና እርሳስ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና የተረፈህን እዚህ አውርደው አለች።

ይኸው አወረድኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኙ እኔ ነኝ፣ እስከ ፋሲካ ዝም እላለሁ። ወረቀቱ ደግሞ ጸሐፊያችን እጅ ላይ ነው። ሜዳው እውነት ስለመኖሩ የተጠራጠረ ቀና ብሎ ይይ፤ ከኮሶው ወዲያ ላሞች ናቸው ያረፉበት።